መኪና የማያልፍበት ኮረኮንች

ባለፈው ጥቅምት ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ከካራ ጀርባ ወዳለው ግድብ ሄድን። ከመካከላችን አንዱ ብስክሌት የሚያከራይ ሰው አግኝቶ ስለነበር ቅዳሜን እዚያ ልናሳልፍ ተስማምተን ነው። ቦታውን እንደማውቀው ለማንም አልተናገርኩም። በውሃው ዙሪያ የሚሄደው ቀይ ኮረኮንች ዛሬም አስፋልት አልለበሰም። በአንድ በኩል የታጨደ ሣር ተከምሯል፤ በሌላው በኩል ክረምቱ ሲያልፍ ውሃው የሸሸበት ጭቃ ፀሐይ እየመታው ይሸታል። የሣሩና የጭቃው ሽታ ሲደባለቅ ደስ የሚል ነገር አይደለም። እኔ ግን ወርጄ ብስክሌቱን ደግፌ ቆምኩ።

"ደከመሽ እንዴ?" አለኝ አንዱ።

"አይ፣ ሂዱ። እደርስባችኋለሁ።"

ያን ሽታ ያወቅኩት በአስራ አንድ ዓመቴ፣ አባቴ መኪና መንዳት ባቆመበት ዓመት ነው።

አባቴ ማቴዎስ የታክሲ ሹፌር ነበር። ከካራ ሾላ ገበያ፣ ከሾላ ገበያ ካራ ሲመላለስ ነው ያደግኩት። እናቴ አስቴር ሾላ ውስጥ በርበሬና ቅመማ ቅመም ትሸጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከነማዳበሪያዋ አብራው ትወጣለች፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ሚጥሚጣው ተሳፋሪውን ሁሉ እያስነጠሰው። እኔ ትንሽ ሳለሁ ሰው ታክሲ ውስጥ ሲገባ ማስነጠስ ደንብ ነው ብዬ አምን ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ፣ ትምህርት ገና ሳይከፈት፣ አባዬ በእኩለ ቀን በእግሩ መጣ። ግቢ ውስጥ ካልሲ እያጠብኩ ነበር።

"መኪናዋስ?" አልኩት።

"ለባለቤቱ መለስኳት።"

"ተበላሸች?"

"ምንም አልሆነችም። በቃኝ።"

ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረም። እማዬ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በልመና ጠየቀችው፤ ከዚያ በቁጣ፤ ከዚያ መጠየቁን ተወችው። ጎረቤት ግን አልተወውም። ከባለቤቱ ተጣልቶ ነው ያለም፣ ሰው ገጭቶ ነው ያለም ነበር። ሥራ ከፈታ ወዲህ ደግሞ ኮርቷል ተባለ፤ ሰው አጠገቡ ቆሞ እየሳቀለት ሰላም ሳይል ያልፋል አሉ። እውነት ነበር፤ እኔም አይቻለሁ። ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን ከማንም በላይ ሞቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። ይሄ ሰው ዛሬ አኩርፎ ነገ የሚታረቅ ሆነ ብዬ አስብ ነበር።

ቤት ውስጥም አዲስ ጠባይ አመጣ። ከጠረጴዛው ጥግ ላይ ያለ ብርጭቆ ሁሉ የሱ ጠላት ሆነ። የበሩን መቃን በትከሻው ሳይገጨው አይገባም። እማዬ ከሾላ ደክማ ትመጣና ስብርባሪ ስትጠርግ "ሥራ የፈታ እጅ" ትላለች፣ ለሱ ሳይሆን ለመጥረጊያው። 

ከዚያ አንድ ቀን ከቤቱ ጀርባ ከቆርቆሮና ከአሮጌ እንጨት ሥር የጎረምሳነቱን ብስክሌት ጎትቶ አወጣ። ዝገቱን በጋዝ አጠበ፤ ካቴናውን ዘይት ቀባ፤ ፍሬኑን ቀየረ። ለኔም ልጆቿ ካደጉባት ጎረቤታችን አንዲት ትንሽ ብስክሌት ለምኖ አመጣልኝ። ሁሉንም የሚሠራው በጣቶቹ እየዳሰሰ ነበር። ሜካኒኮች እንዲህ ነው የሚሠሩት ብዬ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ብሎን ለማጥበቅ እሞክር ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ሾላ ስትወርድ እኛ ወደ ግድቡ መሄድ ጀመርን።

ከቤታችን እስከዚያ በእርሻ መሀል የሚወስድ የእግር መንገድ አለ፤ ብስክሌቶቹን እየገፋን ነው የምንሄደው። በመሀል ዋናውን አስፋልት አንድ ጊዜ መሻገር ግድ ነበር። እዚያ ስንደርስ አባዬ እጄን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና "መኪና ይመጣል?" ይለኛል። ግራ ቀኙን አይቼ "አይመጣም" ስለው እንሻገራለን። በጣም አፍር ነበር። የክፍሌ ልጆች ብቻቸውን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ታክሲ ይዘው ይሄዳሉ፤ እኔን አባቴ እንደ ሕፃን እጄን ይዞ ያሻግረኛል። ማን ማንን እንደሚያሻግር የገባኝ ቆይቶ ነው።

የግድቡ መግቢያ ላይ ወፍራም ሰንሰለት ከግንድ ወደ ግንድ ተወጥሯል። ጥበቃው ጋሽ ደቻሳ ከጎኑ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እዚያው አካባቢ የተወለዱ፣ አማርኛቸውን ቀስ አድርገው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን አባዬ ቆሞ ጠየቃቸው።

"ጋሼ፣ በዚህ መንገድ መኪና ያልፋል?"

"አያልፍም።"

"ሞተርስ?"

"ሞተርም አያልፍም። ሰውና ከብት ብቻ ነው። ከብቱ ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ እናንተ ትቆማላችሁ፤ እሱ አይቆምም።"

አባዬ ሳቀ። ሥራ ካቆመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ጋሽ ደቻሳ ብስክሌቴንና ቀሚሴን አይተው "ሴቷም ትነዳለች?" አሉት። "ከኔ ትሻላለች" አላቸው። ገና ሚዛን እንኳ አልጠበቅኩም ነበር። የተናገረው ለሙገሳ መስሎኝ ተደሰትኩ።

መንገዱ ውሃውን ይዞ ይዞራል። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ተራሮች ይታያሉ፤ ጠዋት ላይ ምስላቸው ውሃው ላይ ይተኛል። ዳክዬዎች አሉ፤ ስንቀርብ ወደ መሀል ይሸሹና ስናልፍ ይመለሳሉ። ኮረኮንቹ ከጎማ ሥር እየተንቋቋ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ቤት ስገባም መዳፌን ይነዝረኛል። አባዬ ግን ድምፁን ይወደው ነበር።

"ኮረኮንች አይደብቅም" አለኝ አንድ ቀን። "ላምም ይምጣ ሰው ይምጣ፣ ይሰማል። ሰው የሚበላው አስፋልት ነው።"

እንደ ተረትና ምሳሌ ይዤው ትምህርት ቤት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ተናገርኩት። መምህራችን ትርጉሙን ጠየቀኝና ስለ ትዕግሥት ነው አልኩት።

ደንብ ነበረን። እኔ ቀዩን ሹራብ ለብሼ ከፊት እሄዳለሁ፣ እሱ ከኋላዬ ይከተላል። ሹራቡ ሌላ ቀለም ሲሆን መልሶ ያስቀይረኛል። እየሄድን ይጠይቀኛል።

"ሐኒ፣ በግራ ምን አለ?"

"ውሃ።"

"ምን ያህል ይርቃል?"

"እዚህ ጋ ቅርብ ነው።"

"በቀኝስ?"

"ሣር፤ አንዲት ጥጃ።"

"ጥጃዋ ታስራለች?"

"አልታሰረችም።"

"ጎበዝ። ቀስ በይ እንግዲህ።"

ለውድድር እያዘጋጀኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። አሰልጣኝ ከኋላ ሆኖ እየጠየቀ እንደሚያሠለጥን ያሰብኩት ከራሴ ነው። ለጓደኞቼም በሚቀጥለው ዓመት እንደምወዳደር ነገርኳቸው። የምን ውድድር ሲሉኝ ምስጢር ነው አልኩ።

ኅዳር ሲገባ የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ሐሙስ ሐሙስ ቤታችን መሰብሰብ ጀመረ። እማዬ ናት የለመነቻቸው። ጌታ ለማቴዎስ የሥራ በር እንዲከፍት ይጸለያል፣ ይዘመራል። አባዬ መሀላቸው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ቡድኑን የሚመራው ወንድም ተስፋዬ በጣም ደግ ሰው ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ፣ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ፣ እየሮጠ መጣና አባዬን አቀፈው።

"ተመለሰ! ጸሎታችን ተመለሰ! ፈረንሳይ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት የተማሪ ሰርቪስ ሹፌር ይፈልጋል። ስላንተ ነግሬያቸዋለሁ። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ነው።"

እማዬ እዚያው ቆማ አለቀሰች። አባዬ ግን "እንጸልይበት" አለ።

"ምኑን?" አለችው። "ተጸልዮበት እኮ ነው የመጣው። ይሄ መልሱ ነው።"

ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። እማዬ ሸሚዞቹን ተኮሰች፤ ለመጥረጊያው መናገሯን አቆመች። አባዬ ብቻ ምግብ አይበላም። ሥራ መጥላቱን ተረዳሁ። ከሥራ ይልቅ ግድቡን የሚወድ ሰው ነው ብዬ በልቤ እማዬን ደገፍኩ።

ቅዳሜ ሄድን። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ውሃው ላይ ጉም አለ። መንዳት ለምጄ ስለነበር ከፊት ፊት መሄድ ሰልችቶኛል። መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ስንደርስ ላስደነግጠው ፈልጌ ፍሬን ያዝኩና በውሃው በኩል ባለችው ጠባብ ሣር ላይ ወጥቼ ጠበቅኩት። ሲያልፍ ሣር ሣሩን፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ በግራው በኩል እኩል ሄድኩ። እጄን ብዘረጋ ክርኑን እነካለሁ። ፈገግ ብዬ ዞሮ እስኪያየኝ ጠበቅኩ።

አልዞረም። ከፊቱ ያለውን ባዶ መንገድ እያየ "ሐኒ" አለ።

ሳቄን ያዝኩ።

"ሐኒ? በግራ ምን አለ?"

አልመለስኩም። ብስክሌቱን አቆመ፤ እኔም ቆምኩ። አንገቱን ወደ ውሃው አዞረና "ሐኒ!" ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሱ ሰምቼ አላውቅም። ብስክሌቱን ጣለው። ጨዋታ ገብቶለት የሚጫወት መሰለኝ፣ ስለዚህ ሳቅኩ፤ ሳቄን ግን ጩኸቱ ዋጠው። በቁልቁለቱ ተንሸራትቶ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበቱ፣ ከዚያ እስከ ወገቡ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ውሃውን እየቀዘፈ፣ ጭቃውን እየዳበሰ ይፈልገኛል።

"አባዬ!" አልኩት። "እዚህ ነኝ! አባዬ፣ አልወደቅኩም!"

ቀና አለ። ዓይኑን ሳይሆን መላ ሰውነቱን እያዞረ ፈለገኝ። ቀዩ ሹራብ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ወጥቶ ኮረኮንቹ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ከሱሪው ይንጠፈጠፋል። ይገርፈኛል ብዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

"የት ነበርሽ?"

"አጠገብህ።"

"በየት በኩል?"

"በግራ።"

"ነይ፣ ቅድም እንደነበርሽው ቁሚ።"

ሄጄ ቆምኩ። ፊቱን ወደ ፊት እንዳደረገ ግራ እጁን ዘረጋና ፀጉሬን ነካ። 

"ሐኒ፣ እኔ በጎን አላይም። ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚታየኝ። እስኪ ሁለት እጅሽን ጨብጠሽ እንደ ቧንቧ ዓይንሽ ላይ አድርጊ።"

አደረግኩ። ጋሽ ደቻሳ ያሉበት ሰንሰለት ከሩቅ ታየኝ። ውሃው የለም፤ ሣሩም የለም፤ አባዬም የለም።

"እንደዚያ ነው" አለ።

መስከረም ላይ የሆነውን ያኔ ነገረኝ። ሾላ መታጠፊያው ላይ አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ ከግራ ገባች። ረዳቱ "ፍሬን!" ብሎ ባይጮህ ይገጫት ነበር። መኪናዋ ከቆመች በኋላ እንኳ አላያትም፤ ያያት በመዳፏ የመኪናውን ኮፈን እየመታች ስትሰድበው ነው። ስድቡን ጨርሳ እስክትሄድ ጠብቆ፣ ተሳፋሪውን አውርዶ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ ሰጠ። ከዚያ ብቻውን ዓይን ሐኪም ጋ ሄደ። የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታ ሳታቋርጥ ካደረግክ ግን የቀረው ይቆይልሃል አሉት። የጠብታው ብልቃጥ የብስክሌት መፍቻዎቹ መሀል ነበር። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የካቴና ዘይት ነበር የሚመስለኝ።

"እማዬ ለምን አታውቅም?"

"ብነግራት ሐሙስ ለጸሎት ቡድኑ ትነግራለች። እጅ ይጭኑብኛል። ከዚያ ታየህ ወይ ይሉኛል። አልታየኝም ብል እምነት አነሰው ነው። ታየኝ ብል ውሸት ነው። በየሳምንቱ ምን ልበላቸው?"

ብስክሌቱን ከወደቀበት አነሳሁለት።

"እኔ እነግራታለሁ" አለ። "አንቺ አትንገሪያት። የኔ ነው።"

በማግስቱ እሑድ፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ ከደጃችን ጡሩምባ ተነፋ። ወንድም ተስፋዬ የትምህርት ቤቱን ሰርቪስ ራሱ እየነዳ አምጥቶት ነበር። ነጭ፣ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ። የሰፈር ልጆች ከየቤቱ ወጡ።

"ነገ ከምትጀምር ዛሬ እጅህን አሟሟቅ ብዬ ነው" አለና ቁልፉን አባዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። "ልጆቹን አንዴ እስከ አደባባዩ አዙራቸው፤ ይደሰቱ። ኑ ልጆች፣ ግቡ!"

ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ። እማዬ በሽርጧ እጇን እየጠረገች ወጣች። ፊቷ በርቷል።

"ሐኒ፣ ምን ይገትርሻል? ግቢ እንጂ" አለችና ገፋ አደረገችኝ። ገብቼ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። አባዬ ቁልፉን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። በመስኮቱ አየሁት። ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ የሹፌሩን በር ከፈተ፤ አንድ እግሩን አነሳ። የሚነዳ መሰለኝ። ጮክ ብዬ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር።

እግሩን መለሰ።

"ሐኒ፣ ውረጂ" አለ። "ሁላችሁም ውረዱ።"

"ምነው ማቴ?" አለች እማዬ።

"አስቴር፣ ነይ እስኪ። እዚህ፣ ጎኔ ቁሚ። እጅሽን ከጆሮዬ አጠገብ አንሺ።"

"ምን ሆነሃል አንተ? ሰው ፊት!"

"አንሺው።"

እጇን አነሳች።

"አሁን ቀስ እያልሽ ወደ ፊት አምጪው። ሳየው አሁን እልሻለሁ።"

እጇን አመጣች። በርበሬ የገባበት፣ ጫፉ የቀላ እጅ። ጆሮውን አለፈ፤ ጉንጩን አለፈ። እሱ ቀጥ ብሎ መኪናዋን ያያል።  እጇ አፍንጫው ጋ ሊደርስ ሲል "አሁን" አለ።

እማዬ እጇን አላወረደችም። በሌላኛው ወገን ዞራ እንደገና ሞከረች፤ ያው ሆነ። ወንድም ተስፋዬ ቀድሞ ገባው። "ጌታ ሆይ" አለና ሊጸልይ እጁን ወደ አባዬ ራስ ዘረጋ።

"ቆይ፣ ወንድም ተስፋዬ" አለች እማዬ።  "ጸሎቱ ይደርሳል። አሁን መኪናዋን ውሰዳት። እግዚአብሔር ይስጥልን።"

ሰውየው ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። ምሳው ቀዘቀዘ። እማዬ ወደ ውስጥ ገብታ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም፤ ስትወጣ ዓይኗ አብጧል፤ ግን ተቆጥታ ነበር። በዓይኑ አልተቆጣችም፤ ከሁሉ ያበገናት ግድቡ ነው።

"ይሄን ይዘህ ነው ልጄን ውሃ ዳር ለውሃ ዳር የምታዞራት?"

"እሷ ናት እኔን የምታዞረኝ" አለ አባዬ።

"ዝም በል!"

ሁለቱን ብስክሌቶች ከመኝታ ቤቱ አስገብታ ቆለፈችባቸው። ሳምንቱን ሙሉ ከሾላ ስትመለስ ጠብታውን ራሷ ታደርግለት ነበር፣ እንደተቆጣች፣ አገጩን ይዛ "አትንቀሳቀስ" እያለች። ሐሙስ የጸሎት ቡድኑ ሲመጣ በር ላይ ቆማ ተቀበለቻቸውና፣ ማቴዎስን ታየህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ እዚያው እንዲቀር ነገረቻቸው። የጠየቀ የለም። ወንድም ተስፋዬ እንዲያውም የካራ ታክሲ ማቆሚያ ሰዎችን አነጋግሮ ነበር። አባዬ ከገና በኋላ ተራ አስከባሪ ሆኖ ገባ፤ በየሞተሩ ድምፅ የትኛው ሹፌር እንደመጣ ያውቅ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ሾላ አልወረደችም። ቅዳሜ ዋናው ገበያ ነው፤ ታማ እንኳ የቀረችበትን ቅዳሜ አላስታውስም። የመኝታ ቤቱን ቁልፍ ከፈተችና "ውሰዱኝ" አለች። "ሊገድላችሁ የነበረውን ቦታ ልየው።"

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ እሱን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላ እጇ ያዘች። ጋሽ ደቻሳ ተነስተው ተቀበሏት። ሰንሰለቱን አለፍን። እማዬ ጭቃው ጫማዋን እስኪያቆሽሸው ዳር ድረስ ሄዳ ውሃውን አየች፤ መንገዱን አየች። ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ መኪና የለም፤ ጡሩምባ የለም።

"እስኪ ንዳ" አለችው።

"ካንቺ ጋር ነው የምነዳው" አላት። "ከኋላ ተቀመጪ።"

"እብድ ነህ?"

"ከፊት ሐኒ አለች። ቀይ ሹራብ ለብሳለች፤ ትታየኛለች።"

ከብዙ ክርክር በኋላ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላው ባለው ዕቃ መጫኛ ላይ በጎን ተቀመጠችና ወገቡን አቀፈች። እኔ ከፊት ሄድኩ። ሲነሱ ብስክሌቱ ተንገዳገደ፤ እማዬ የኢየሱስን ስም ጠራች፤ ከዚያ ቀጥ አለ። በግራ ውሃ፣ በቀኝ ሣር፣ ወደ ፊት ሁለት ላሞች እያልኩ እየጮህኩ፣ አባዬ እያዘገመ፣ ዙሩን ጨረስን። ዞር እያልኩ አያቸው ነበር። አባዬ ፊት ለፊት እያየ ይነዳል። እማዬ ፊቷን ጀርባው ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልገለጠችውም።

ጋሽ ደቻሳ ጋ ስንደርስ ወረደች።  ሻሿን አስተካከለች፤ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች። አባዬ ትንፋሹን እየሰበሰበ ምን እንደምትል ጠበቀ።

"እንዴት ነው?" አላት።

"ይሄኛው አይቆጠርም" አለች። "ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ተመለስ፣ እንደገና እንዙር።"